አንደኛ የጠፋበት የክትባት ወረፋ

እኛ ሰፈር፣ ሹም አቦ፣ ሁለት ሰው በር ላይ ከተገናኘ ቶሎ አይገባም። አንዱ «ይግቡ» ይላል፤ ሌላው «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ይላል፤ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «እኔ ልሙት» ይባባላሉ። በዚህ መሀል ዝናቡ ይመጣና ሁለቱንም እኩል ያበሰብሳቸዋል። የሩቅ እንግዳ ቢያያቸው ቤቱ ውስጥ ክፉ ውሻ ያለ ይመስለዋል። ውሻ የለም፤ ጨዋነት ነው። እኔ በዚህ ጨዋነት እኮራለሁ። ግጥምም ጽፌለታለሁ፤ ግጥሙ ረጅም ስለሆነ እዚህ አላመጣውምና አትፍሩ።

ዛሬ የማወጋችሁ ይኸው የምኮራበት ጨዋነት በኮሮና ጊዜ አባቴን ሊያሳጣኝ ስለ ደረሰበት ቀን ነው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ድጓ ያስተምራሉ። የስኳር በሽታ ካደረባቸው ቆይቷል። ሻይ ሲቀርብላቸው «ስኳሩ ይቅር፣ እኔው ይዤው እዞራለሁ» ይላሉ። ፍልሰታ ሲመጣ ጣናን ተሻግረው ደሴት ላይ ካለ ገዳም ሱባኤ ይገባሉ፤ በዚያ ዓመት ደግሞ እስከ መስቀል እቆያለሁ ብለው ስንቃቸውን አስቋጥረው ነበር። ጀልባው የሚነሣው በማግሥቱ ጠዋት ነው። በዋዜማው መድኃኒታቸውን ሊቀበሉ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ተከትዬ ሄድሁ፤ ስኳራቸውን የምትከታተለዋ ሲስተር ሰናይት እዚያው ያዘቻቸው።

«መሪጌታ፣ ደሴቱ ላይ ሐኪም የለ፤ ሰዉም ተጠጋግቶ ነው የሚያድረው። በስኳርዎ ላይ ኮሮና ቢጨመርበት ማን ይደርስልዎታል? ተከትበው ይሻገሩ። ክትባቱ ሥራውን እስኪጀምር ሳምንታት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ማስክዎን አያውልቁ።»

እኔ ረጅም ክርክር ጠብቄ ነበር። አባቴ ግን «ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም አልነበረም እንዴ?» አሉና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። በቃ። የሊቅ ልጅ መሆን እንዴት ያኮራል መሰላችሁ!

«ቆይ፣ አሁን አይደለም» አለች ሲስተር። «ብልቃጧ ለአሥር ሰው ናት። አንዴ ከተከፈተች ለነገ አትቀመጥም፤ የተረፈው ይደፋል። ለእርስዎ ብቻ ብዬ ብከፍታት የዘጠኝ ሰው መድኃኒት ደፋሁ ማለት ነው። ሰው አምጡልኝና እከፍታለሁ።»

ሰው ግን አይመጣም ነበር። ጤና ጣቢያው መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኖ ሰፈሩን ሲዞር ሰንብቷል፤ ሕዝቡም ድምፅ ማጉያውን በጥሞና አዳምጦ ወደየጉዳዩ ሄዷል። አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«አፍ አለው ይሉሃል» አሉኝ። «ሂድና አምጣ።»

ሄድሁ። እኔ እንደ አባቴ ጉባኤ ቤት የዋልሁ አይደለሁም። ግጥም ያስተማረኝ ማንም የለም፤ በርበሬ ከተጠቀለለበት ጋዜጣና ሽፋኑ ከወለቀ መጽሐፍ ራሴን በራሴ ነው ያስተማርሁት። ስለዚህ ራሴን እንደ ተማሪም እንደ መምህርም አከብረዋለሁ። መንገድ ላይ ይችን ቋጠርሁ፦

ቀዳዳ ልብስህን በመርፌ ትሰፋለህ፣
ቀዳዳ ዕድሜህን ለማን ትተዋለህ?

በዚች ስንኝ ባሕር ዳርን ብቻ ሳይሆን እስከ እንፍራንዝ ያለውን አገር ሁሉ እንደማስከትብ አልተጠራጠርሁም። መጀመሪያ የሄድሁት ሐጂ እንድሪስ ዘንድ ነው። ሐጂ የወረታ ሰው ናቸው፤ ሰፈራችን ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ከአባቴ ጋርም ወዳጅ ናቸው። ስንኜን እጄን እያወናጨፍሁ አሰማኋቸው።

«ግጥሙ ደኅና ነው» አሉ። «መርፌውም ክሩም እኔ ሱቅ ሞልቷል። የአንተ ኮት ግን ብብቱ እንደተቀደደ ስንት ክረምት አለፈው?»

እጄን ሰብስቤ ከጎኔ አጣበቅሁት።

«ሐጂ፣ ለመሪጌታ ብለው።»

«ለመሪጌታማ ምን የማልሆነው አለ! ግን ልጄ፣ አማቼ ተከትቦ ክንዱ አብጦ ሱቅ ሳይከፍት ቀረ። እኔ ነገሩን እንደ ጨርቅ ነው የማየው። መጀመሪያ ሌላው ይልበሰው፣ ይጠበው፣ ቀለሙ መልቀቅ አለመልቀቁን ልይ።»

«እንግዲያው ሁለተኛ ይሁኑ። ሌላ ሰው ሲወጋ አይተው ይወጋሉ።»

«በአላህ?»

«በአላህ!»

«እንዲህ ከሆነ ወንድሜንም ይዤ እመጣለሁ።»

«ሁለተኛ» የምትባለዋ ቃል ከግጥሜ ሁሉ በለጠች። ትንሽ ከፋኝ፤ ግን ቃሏን ኪሴ ከትቼ ወደ እትዬ የሺ ገሠገሥሁ። እትዬ የሺ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ እሳቸው የተነሡ እንደሆነ ጎረቤት አብሮ ይነሣል። ደጃፋቸው ላይ ጌሾ ሲወቅጡ አገኘኋቸው።

«እኔስ አልወጋም» አሉ ሙቀጫውን ሳይለቁ። «ዘር ያመክናል ይላሉ።»

«እትዬ፣ እርስዎ'ኮ ስልሳን ተሻግረዋል።»

«ታዲያ ሣራ ይስሐቅን የወለደች በስንት ዓመቷ ነው?»

በዘጠና እንደወለደች አውቃለሁ፤ ሒሳቡ ለእትዬ የሺ ያደላል።

«ሁለተኛ ይሁኑ» አልሁ። «መጀመሪያ የተወጋውን አይተው፣ ደግ ካልመሰለዎት ጥለው ይወጣሉ።»

ዘነዘናቸውን አቆሙ። ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው «በሉ ነጠላችሁን ልበሱ፤ ሰው ሲወጋ ልናይ ነው» አሏቸው። እንደ ሠርግ!

ጋሻው ባጃጅ ነጂ ነው፤ አብሮ አደጌ። እሱን የያዘው ጥርጣሬ ደግሞ ከሁሉም የረቀቀ ነበር።

«ነዳጅ በሰልፍ፣ ዘይት በሰልፍ፣ ስኳር በሰልፍ» አለኝ ጣቱን እያጠፈ። «ይሄ ብቻ ያለ ሰልፍ፣ በነጻ፣ ያውም 'ኧረ እባካችሁ ኑ' እየተባለ በድምፅ ማጉያ? አንተ ገጣሚ ነህ፣ ዓለምን አታውቃትም። የሚለመኑበት ነገር ውስጥ አንድ ነገር አለ።»

ክርክሩ እጅግ ከመጣፈጡ የተነሣ እኔው ራሴ ልመለስ ምንም አልቀረኝ።

«ማን ሰልፍ የለውም አለህ?» አልሁት። «አለው። አንተ ሁለተኛ ነህ።»

ዐይኑ በራ። «ሰልፍ አለው? ታዲያ ምን ያስቆምሃል፣ ግባ!» ሌላ ባጃጅ ነጂ ጓደኛውንም በጩኸት ጠራው፤ ሰልፍ ባለበት ብቻውን መሄድ አይወድም።

ከዚያ ወደ ፔዳ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ በረርን። እዚያ ከግቢው አጠገብ ካለች ካፌ የማይጠፋ ሚኪ የሚባል ተማሪ ወዳጅ አለኝ፤ ግጥሜን እስከ መጨረሻው ሰምቶ የሚያውቅ ብቸኛ ሰው ነው፤ ያኔም ማኪያቶውን የከፈልሁት እኔ ነኝ።

«ብሮ፣ ቺፕ አለው'ኮ» አለኝ። «ቴሌግራም ላይ ቪዲዮውን ልላክልህ?»

«ላከው።»

ላከው። ስክሪኑ ላይ ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች። ቪዲዮው አልመጣም።

«ሚኪ» አልሁት፣ «ፔዳ መሀል ስልክህ ያላገኘውን ኔትወርክ ክንድህ ከየት ያመጣዋል?»

ሳቀ። «ሸወድከኝ። ግን ቀድሜ አልወጋም።»

«ቅደም ማን አለህ?»

እንዲህ እንዲህ እያልሁ ጤና ጣቢያው ደጅ አሰለፍኋቸው። ሐጂና ወንድማቸው፣ እትዬ የሺና ጎረቤቶቻቸው፣ ጋሻውና ጓደኛው፣ ሚኪ፣ አግዳሚው ላይ ደግሞ አባቴ። ጦር መርቶ የገባ ሰው እንኳ እንደዚያ ደረቱን አይነፋም። ሲስተር ሰናይት በጣቷ ቆጠረቻቸው።

«አንድ ይጎድላል» አለች።

ዘጠኙም ሰዎች አንገታቸውን መልሰው አዩኝ። ለካ ራሴን አልቆጠርሁም! እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ መርፌ ገጥሜአለሁ፣ ስለ መርፌ ተከራክሬአለሁ፣ በመርፌ ስም ምያለሁ፤ መርፌ ለእኔም ክንድ እንደተሠራ ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

«አለሁ» አልሁ። ድምፄ ከሌላ ክፍል የመጣ ይመስል ነበር።

ሲስተር ብልቃጧን ከፈተች። የአባቴን ደም ግፊት ስትለካ ግን ግንባሯ ተቋጠረ። «ከፍ ብሏል። ትንሽ አረፍ ይበሉ መሪጌታ፤ ሌላው ይጀምር።»

ሌላው! እንግዲህ ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

«ሐጂ ይቅደሙ» አሉ እትዬ የሺ።

«ኧረ በአላህ፣ የሰፈር እናት እያለች እኔ?»

«ታላቅ እያሉ? አፈር ስሆን!»

«የምን ታላቅ? ጢሜ ነው እንጂ ያረጀው ዕድሜዬ ልጅ ነው። እርስዎ የአባይ ድልድይ ሲሠራ አድገው አልነበር?»

«እኔ? ያኔ ጡት አልጣልሁም! እርስዎ ነዎት በግ ያግዱ የነበረ!»

«የተማረ ይቅደም» አለ ጋሻው ሚኪን ወደፊት እየገፋ።

«ኧረ ሼም ነው፣ ትልልቅ ሰዎች እያሉ» አለ ሚኪ። ታክሲ ውስጥ ለነፍሰ ጡር ቦታ ለቅቆ የማያውቀው ሚኪ!

በአገራችን ሽማግሌ ከሽማግሌ ሲገናኝ እኔ ልብለጥ እኔ ልብለጥ እያለ ዕድሜውን ይቆልላል። ያን ቀን ግን ዕድሜ ገበያ ወጥቶ ገዢ አጣ። ሁሉም ልጅ ሆነ። ጨዋነታችን እንደዚያ ቀን አብቦ አያውቅም፤ ማንም ማንንም መቅደም አልፈለገም። ሲስተር ሰዓቷን አየች፤ ብልቃጧን አየች፤ እኔን አየች።

«ቆይ እስቲ» አሉ ሐጂ። «ልጄ፣ ሁለተኛ ነዎት አላልኸኝም?»

«እኔንም እንደዚያው ነው ያለኝ!» አሉ እትዬ የሺ።

«እኔንስ?» አለ ጋሻው።

አባቴ ዐይናቸውን እንደጨፈኑ ከአግዳሚው ላይ ተናገሩ። «ሁሉን ሁለተኛ ካደረግህ፣ ልጄ፣ አንደኛው ማነው?»

የድጓ መምህር ጥያቄ አጭር ነው፤ ዱላው ነው የሚረዝመው።

«እኔ ነኝ!» አልሁ፤ ኮቴን አውልቄ ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። በዚያች ቅጽበት ስለ ራሴ ሐውልት እስከ ማሰብ ደርሼ ነበር። ከዚያ አንገቴን መለስ ባደርግ መርፌዋ። ጫፏ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ታየኛለች። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጣሪያውን ብቻ ነው።

ስነቃ እግሬ ወንበር ላይ ተሰቅሏል፤ ግንባሬ ላይ የአባቴ እጅ አለ። ከፊታቸው ላይ ቀለም የሚባል ጠፍቷል፤ «አቡነ ዘበሰማያት»ን ሳይተነፍሱ ይደግሙታል።

«አባ።»

«ዝም በል» አሉኝ።

ሲስተር ነገረችኝ። መርፌው ክንዴን ሳይነካ ነው የወደቅሁት። ጋሻው «ገደለችው!» ብሎ ጮኾ በባጃጁ በርሯል፤ የቀሩትም ግቢው ድረስ ሸሽተው ዳር ዳሩን ቆመዋል። የአባቴን ግፊት እንደገና ለካች፤ ጭራሽ ሽቅብ ወጥቷል።

«በዚህ ሁኔታ አልወጋዎትም መሪጌታ» አለች ቀስ ብላ።

ሳቄ ሁሉ ያኔ አለቀ። ብልቃጧ ተከፍታለች፤ ሰዉ ሸሽቷል፤ ጀልባው ጠዋት ይነሣል። አባቴ ደግሞ ሱባኤያቸውን በእኔ ምክንያት እንደማያስቀሩ አውቃለሁ፤ ሳይከተቡም ቢሆን ይሻገራሉ። ሐኪም ወደሌለበት ደሴት፣ ከነስኳራቸው። ያን ሁሉ ሰው ጎትቼ አምጥቼ፣ የደከምሁለትን አንድ ሰው ሳይከተብ ልሰድደው ነው።

ይህን እያሰብሁ ሳለ ከውጭ ጡሩምባ ተሰማ። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ አያ ደምሌ ነው። በእኛ አገር እድርተኛ ጡሩምባ ሲሰማ ማን ይሆን ብሎ ይነሣል፤ እኔም ተኝቼ «ማን ሞተ?» አልሁ።

«የሹም አቦ እድርተኛ ሆይ! የመሪጌታ ልጅ፣ ገጣሚው፣ በክትባት ዐርፏልና ወደ ጤና ጣቢያው ድረሱ!»

የባጃጅ ወሬ ከባጃጁ ይፈጥናል። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከድንጋጤው በፊት ቀድሞ የመጣብኝ ኩራት ነው። «ገጣሚው» አለ! በሕይወት ሳለሁ «ያ የሚለፈልፈው» እንጂ እንደዚያ ብሎ የጠራኝ አልነበረም።

ሕዝቡ ነጠላውን ዘቅዝቆ ጎረፈ። ድምፅ ማጉያው ሰንብቶ ያላመጣውን ሰው ጡሩምባው ባንድ ትንፋሽ አመጣው። የድንኳን ብረት የተሸከሙ ጎረምሶች ሳይቀሩ ደረሱ። ግቢው ውስጥ የቀሩት እትዬ የሺ ወሬውን ከጡሩምባው ሲሰሙ አመኑት፤ ድምፃቸውን ለቀቁት፦

ግጥሙን ሳይጨርስ ብዕሩን ጥሎት፣
ብብቱ ተቀዶ ሄደ በዚያው ኮት!

ሕዝቡ ተንሰቀሰቀ። እኔ ውስጥ ሆኜ ቀናሁ። ያለ ዝግጅት፣ በዕንባ መሀል፣ እንደዚህ ያለ ስንኝ! ከዚህ በላይ ተኝቼ መስማት አልቻልሁም፤ ተነሥቼ በረንዳው ላይ ወጣሁ።

አንዲት ሴት «እንዴ!» ብላ ጮኸች። ከኋላ ደግሞ አንድ ጎልማሳ፦ «መርፌው ሙት ያስነሣል!»

ወሬ ፊቷን ለማዞር ሰፊ መንገድ አትፈልግም። አሁን «ገደለው» ሲል የነበረ ሁሉ እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ። «ለእኔ!» «እኔን አስቀድሚኝ፣ ልጆች አሉኝ!» ይገፋፋል። እውነት ለመናገር ዝም ልል ቃጥቶኝ ነበር። ብልቃጧ ታልቃለች፤ ምን ገዶኝ? ሰይጣን አንዳንዴ የጤና ባለሙያ መስሎ ይመጣል።

አባቴ ግን መቋሚያቸውን ይዘው ከኋላዬ ወጡ። ድጓ የሚመሩበት ድምፃቸው ግቢውን ሞላው።

«ወገኖቼ! ልጄ አልሞተም፤ ስላልሞተም አልተነሣም። መርፌው አልገደለው፣ አላዳነው፤ ገና አልነካውም። የወደቀው ፈርቶ ነው። ከዚህ በሐሰት የሸሸም በሐሰት የሚመጣም አንድ ነው፤ ነገ ሌላ ሐሰት ይወስደዋል። የፈራ ፈራሁ ይበል። ሊጠይቅ የሚፈልግ ይችን ልጅ ይጠይቃት፤ አውቃ ነው የምትሠራው።» መቋሚያቸውን ተደገፉ። «እኔም ፈርቻለሁ። ግፊቴን ከፍ ያደረገው ሌላ አይደለም።»

አባቴ! ሕዝብ ፊት ከተናገሩት ቅኔ ሁሉ ይህን እንዳስበለጥሁላቸው እስከ ዛሬ አልነገርኋቸውም።

መጀመሪያ የሳቁት ሐጂ እንድሪስ ናቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«መሪጌታ ከፈሩማ እኔም ፈርቻለሁ! እትዬ የሺ፣ ያ ሁሉ 'ይቅደሙ' ጨዋነት አልነበረም!»

«እኔስ ታዲያ ጡት አልጣልሁም ማለቴ ምን ነበር!» አሉ እትዬ የሺ ዕንባቸውን እየጠረጉ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ጥያቄው ወረደ፤ ያብጣል ወይ፣ ያተኩሳል ወይ፣ ያረገዘች ትከተባለች ወይ፣ ተከትቦ የታመመ አለ ወይ። ሲስተር የምታውቀውን እየመለሰች፣ ክንድ ያማል፣ ትኩሳትም ሊኖር ይችላል እያለች፣ አንዳች ሳትደብቅ አስረዳች።

ወንበሩን በረንዳው ላይ አወጡት። ተቀመጥሁ። ሐጂ ትከሻዬን ያዙ፤ «ከወደቅህ ወደ እኔ ውደቅ» አሉኝ። ግቢው ውስጥ ወዳለ ዘንባባ ዛፍ አየሁ። ጠቅ።

«አለቀ» አለች ሲስተር።

«ምኑ?»

«አመመህ?» አለ ሕዝቡ ባንድ አፍ።

«እንደ ጉንዳን!» አልሁ፤ ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብዬ የተቀመጥሁት አቀማመጥ ፎቶ ባለመነሣቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«ሁለተኛ!» ብለው ሐጂ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ቃሌ ለእሳቸው ተፈጸመ። ወንድማቸው፣ እትዬ የሺ፣ ጎረቤቶቻቸው፣ ከነባጃጁ አንገቱን ደፍቶ የተመለሰው ጋሻው፣ ጓደኛው። ማንም ማንንም «ይቅደሙ» አላለም። ሚኪ ብቻ «ልሰብበት ብሮ» ብሎ ሄደ፤ አልተቀየምሁትም፤ ቢያንስ ፈራሁ ብሎ ነው የሄደው። በእሱ ቦታ አያ ደምሌ ጡሩምባውን በብብቱ ይዞ ገባ። «ይሄን ሁሉ ሰው የጠራሁ እኔ፣ ባዶዬን ልመለስ?» አለ።

የመጨረሻዋ ጠብታ የአባቴ ነበረች። ሲስተር ግፊታቸውን ለካች፤ መላልሳ አየችው፤ ፈገግ አለች። ወርዷል።

«ምን አወረደው መሪጌታ?»

«ተናዘዝሁ አይደል» አሉ፤ ክንዳቸውን ሰጧት።

ለቀብር ከመጣው ሕዝብ ግማሹ ሌላ ብልቃጥ አስከፍቶ ተከተበ፤ ግማሹ «ሥራ አስፈታችሁን» እያለ ተሳድቦ ሄደ። ለልቅሶዬ የተቀቀለው ንፍሮ ስለማይጣል በረንዳው ላይ በላነው። የራሱን ንፍሮ የበላ ገጣሚ ከእኔ ሌላ ካለ ይጻፍልኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ጣና ዳር አባቴን ሸኘኋቸው። ማስካቸውን አድርገው፣ ስንቃቸውን ይዘው ከካህናቱ መሀል ተቀመጡ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ጀልባው ከዳር ተላቀቀ። ጥቂት እንደራቁ አባቴ ጋቢያቸውን ገልበው ክንዳቸውን ለጎረቤቶቻቸው ሲያሳዩ አየሁ። አንድ ሽማግሌ ቄስ ጎንበስ ብሎ የተወጋውን ቦታ መረመረ፤ የሆነ ነገር ጠየቀ። የሞተሩ ጩኸት ቃሉን ዋጠው፤ ግን የአባቴ ጣት በውኃው ላይ ተሻግሮ ወደ እኔ ተቀሰረ፤ ጀልባው ሙሉ ቄስ ዘወር ብሎ አየኝ። በመጨረሻ የአባቴ ድምፅ፣ ያ ሞተር የማይችለው ድምፅ፣ ደረሰኝ፦

«ያ ነው! እሱ ነው የቀደመኝ!»

ላውለበልብላቸው እጄን አነሣሁ። ያነሣሁት የተወጋውን ነው፤ ሌሊቱን አብጦ ነበር፤ አቤት ሲያም! ጀልባው ነጥብ ሆኖ ከውኃው ጋር እስኪቀላቀል ድረስ ግን አላወረድሁትም።